ከመግዛት በፊት መጠየቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በጋዜጣ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



የምንናገረው ስለ ከፍተኛ ጥበብ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ስለ ደረሰ አንድ ጥፋትና ከእርሱም ስላገኘነው ትምህርት ነው።

እኛ የክበቡ አባሎች ጽሑፎቻችንን የምናትምበት ሌዘር ፕሪንተር ለመግዛት አንድ ዓመት ሙሉ ገንዘብ አዋጣን። አንዳንዶቻችን ከምሳችን ቀነስን፤ ሌሎቻችንም በእግር እየሄድን የታክሲውን ገንዘብ አስቀመጥን። ገንዘቡ እንደ ሞላም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ጓደኛችን «እዚያ ዋጋው ይረክሳል» ቢለን ደስ ብሎን ሰጠነው። ዕቃው መጣ፤ በጭብጨባ ተቀበልነው። ሶኬቱ ላይ እንደ ሰካነው ግን አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ጭስ ሸተተን፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።

ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በአገራችን 220 ቮልት ነው። በፕሪንተሩ ጀርባም «ከ110 እስከ 127 ቮልት» የሚል ጽሕፈት ተለጥፎ ነበር። ስለ ቮልት ሁላችንም ተምረን ፈተናውን አልፈናል፤ ዳሩ ግን ትምህርቱን በደብተራችን ውስጥ ትተነው ወጣን። የፊዚክስ መምህራችን ክፍል ከክበባችን ሁለት በር ብቻ ይርቃል። ብንጠይቃቸው ኖሮ «ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ምረጡ፤ አለዚያም ለዕቃው ኃይል የሚበቃ ትራንስፎርመር አዘጋጁ» ይሉን ነበር። ለምን አልጠየቅንም? እውነቱን ለመናገር፤ አላዋቂ መባልን ፈርተን ነው።

ይህ ነገር በመንገደኛም ላይ ይደርሳል። በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ሰዓት የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር አይደለም። 02:00 የሚል ቲኬት የያዘ ሰው ከጧቱ 2 ሰዓት መስሎት ቢተኛ፤ አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሄድበታል። ርካሽ ቲኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም። ብዙ አገሮችም ፓስፖርቱ ሊያልቅ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሄደ ጎረቤት ቡና እየጠጣ ሊነግረን ይችላል።

እንግዲህ ማንን እንጠይቅ? ሻጩን ብቻ አይደለም፤ እርሱ ገበያው እንዲቀናው ይሻልና። ያንኑ ዕቃ ገዝቶ አንድ ዓመት የሠራበትን ሰው እንጠይቅ። ጥያቄውም «ጥሩ ነውን?» ብቻ አይሁን፤ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ቀለሙ እዚህ ይገኛልን? በአገራችን ኤሌክትሪክ ይሠራልን? ብለን እንጠይቅ። ምክር ሲበዛ ግራ ያጋባል የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰምቶ ራስ መወሰን፤ ምንም ሳይሰሙ ከመክፈል ይሻላል።

አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ንጉሥ መካሪ ካስፈለገው፤ የምሳ ገንዘቡን ላጠራቀመ ተማሪማ እንዴት አያስፈልገው!

የተቃጠለው ፕሪንተር ዛሬም በክበባችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አባል ሲገባ ታሪኩን እንነግረዋለን። ዘንድሮ መዋጮውን እንደገና ጀምረናል፤ የመጀመሪያውንም ስብሰባ ያደረግነው በፊዚክስ መምህራችን ክፍል ውስጥ ነው።