ስፌቱ ከነስሙ ይቆይልን



ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆኑ የቤታችን የውስጥ አሠራርም ተደንቋል። የዚያን ቤት ግድግዳ የሚያስጌጠው የሴቶች ስፌት ነው። ግንብ ቢዘነጋም ዘመን ይሻገራል፤ ስፌት ግን ወስፌ የሚይዝ እጅ ካጣ በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

በጌይ ሲናን «ሐማት ሞት» የሚባል ስፌት አለ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን የአማት ስፌት ነው፤ ከሠርግ ወጋችን ጋር የተያያዘ ነው። «ፊንጃን ጋር»ም የሲኒ ቤት ማለት ነው፤ «ጋር» በጌይ ሲናን ቤት ነውና። ስሙ ሲቀር አማትም፣ ሠርግም፣ ቡናም ከስፌቱ ይወጣሉ፤ የሚተርፈው የግድግዳ ጌጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። ልጆቻችን መስፋት ሲማሩ እናቶች የእያንዳንዱን ስፌት ስምና አገልግሎት በጌይ ሲናን ይንገሯቸው፤ ልጆቹም ይጻፉት። ለገበያ የምናወጣው ስፌት ሁሉ ስሙ ተጽፎ ይታሰርበት። በየአፎቻችን ስንሰበሰብም የቆዩ ስፌቶችን አውጥተን እናሳያቸው።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ለሣርና ለቀለም መግዣ፣ ለሚያስተምሩ እናቶችም የድካም ዋጋ እንድታግዙን ነው። አንድ ስፌት ብዙ ቀን ይፈጃል፤ እጃቸው ሌላ ሥራ ትቶ ነው የሚያስተምረው።