ከመዳቡ በፊት ጋዙ



በዝግ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐድ ሜታኖል ይወጣዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀላል ነው፤ አይደል?

በ1923 እ.ኤ.አ. ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ጀርመን ሎይና ላይ ማምረት ሲጀምር ካታሊስቱ የዚንክና የክሮሚየም ኦክሳይድ ነበር፤ ግፊቱም ከ250 ባር በላይ። መዳብ ይበልጥ ንቁ ነው፤ ግን ከድንጋይ ከሰል በሚገኘው ጋዝ ውስጥ ያለው ድኝ ይመርዘዋል። በ1966 የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. መዳብን ከዚንክ ኦክሳይድና ከአሉሚና ጋር አዋሕዶ ሥራ ላይ አዋለ፤ ከ50 እስከ 100 ባር በቃው። ምን ተገኘ ትሉኝ ይሆናል። የካታሊስቱ አሠራር ተሻሽሏል፤ ያለ ንጹሕ ጋዝ ግን ያ መዳብ ዕድሜ አይኖረውም ነበር።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ጋዙ ጸድቶ በሲሊንደር ስለሚመጣ ተማሪው ስለ ድኝ አይጠይቅም። ፋብሪካ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚገጥመው እሱ ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ጋዝ ማጽዳትን ከካታሊስቱ እኩል አስተምሩልን። እናንተም ፋብሪካ የምትሠሩ፣ የተበላሸባችሁን ካታሊስት ይዛችሁ ክፍል ግቡና አሳዩአቸው። ከተሳካው ይልቅ ከእሱ ብዙ ይማራሉ።