በመዶሻ የሚቀረጽ ላሜራና ባሕርዩ



አውቶቡስ ተራ ወርዶ በመርካቶ ውስጥ ወደ ምናለሽ ተራ የሚዘልቅ ሰው፣ የብረት ቀጥቃጮቹን ስፍራ ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል። በዚያ 200 ሊትር ይይዝ የነበረ በርሜል ክዳኑና ቂጡ ተቆርጦ፣ ጎኑ ተዘርግቶ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ይሆናል። ከላሜራውም የከሰል ምድጃና የቡና መቁያ ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ፕሬስም ሻጋታም የለም፤ ቅርጹን የሚያወጣው ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወረው መዶሻ ነው። ላሜራን ያለ ሻጋታ በጥቂት በጥቂቱ እየገፉ ለሚቀርጹበት ማሽን ኤድዋርድ ሌሻክ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። ቀጥቃጩ ግን መብት ይሰጠኝ ብሎ አያውቅም።

ሆኖም ቅርጽ ማውጣት አንድ ነገር፣ የዕቃውን ባሕርይ መቆጣጠር ሌላ ነገር ነው። ላሜራ በተቀጠቀጠ ቍጥር ይደነድናል፤ በደነደነ መጠን ወደ ቀድሞ መልኩ የመመለስ ኀይሉ ይበረታል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በዚያው ላይ ይሳሳል። ያለ ሻጋታ ሲገፋ ከአግድሙ 60 ዲግሪ የሚቆም ግድግዳ፣ በስሌቱ መሠረት፣ የውፍረቱን ግማሽ ያጣል።

ልምድ ያለው ባለሙያ መደንደኑን ከመዶሻው ድምፅና ንጥረት ይረዳል። ያን ጊዜ ላሜራውን እስኪቀላ አግሎ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል፤ በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብረቱ ልስላሴውን መልሶ ያገኛል። ይኸው መድኃኒት ግን ዚንክ ለተቀባ ቆርቆሮ አይሆንም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ብረቱ ሳይለሰልስ መከላከያው ይጠፋል፤ ሙቀቱ ሲያይል የሚነሣው ጢስም ሠራተኛውን በትኩሳት ይጥለዋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ባልዲ በመቀጥቀጥ ሳይሆን ጠርዝ ከጠርዝ በማቆላለፍ ቢሠራ የሚያስገርም አይደለም።

ትልቁ ችግር የበርሜሉ ታሪክ አለመታወቁ ነው። የፋብሪካ ላሜራ የጥራት ምስክር ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በርሜሉ ግን ስንት ጊዜ እንደተጨራመተና እንደተቃና የሚናገር የለም። ጁልያን ኦልዉድና የሙያ ጓደኞቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በቅርጽ ማውጣት ሂደት የዕቃውን ባሕርይ እየለኩ ሥራውን ወዲያው ማረም ስለሚቻልበት መንገድ መርምረዋል። ለምናለሽ ተራ ይህን ለመጀመር ሮቦት አያሻም። ከየበርሜሉ አንድ ቁራጭ ወስዶ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት፣ በአንድ ዓይነት የብረት ዘንግ ላይ 90 ዲግሪ አጥፎ መልቀቅና የተመለሰበትን ዲግሪ በኖራ መጻፍ ይቻላል። ውፍረታቸው እኩል ከሆኑት መካከል ይበልጥ የተመለሰው ይበልጥ የደነደነው ነውና፣ የግማሽ ቀን ድካም በስንጥቅ ከመጥፋቱ በፊት አስቀድሞ እሳት ይገባል።