ቅሬታና ዛቻ አንድ አይደሉም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ የሙዚቃ፣ የፊልም፣ የቴአትርና የመጽሐፍ ኩባንያዎች ያወጡት ሥራ ሰውን ሲያስቆጣና ዛቻ ሲመጣባቸው ሥራውን መሰብሰብ ይገባቸዋልን? ጥያቄው ስለ ጨዋታና ስለ መዝናኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛቻ በአገራችን የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላሊበላችን በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነት እጅ የወደቀች ከተማ ናት፤ እኛም ልጆቿ ፍርሃት ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አይተናል። ስለዚህ ስለ ድፍረት ስናገር ሞትን አቃልዬ አይደለም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል። ኩባንያ ቅሬታን መስማት ይገባዋል፤ ለዛቻ መንበርከክ ግን አይገባውም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሳችን ባህል እንጀምር። የጥንት መኳንንትና ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። አዝማሪም በሰምና ወርቅ ጌታውን ሲያወድስ አብሮ ይወጋው ነበር። ስማቸው ከከተማችን ስም ጋር አንድ የሆነው ላሊበላዎችም ፀሐይ ሳትወጣ በሰው ደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ የከለከላቸውን በግጥም ይሸነቁጣሉ። ባለቤቱ ዜማው ካልጣመው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ዱላ ይዞ ቢወጣ ግን መንደሩ ይታዘበዋል። እንግዲህ አለመስጠትና መምታት የተለያዩ መሆናቸውን ያልተማረው ባላገር እንኳ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ያልጠበቁ ኃይለኞችም ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ባለሥልጣኖች ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያሳደዱ እንዲያጠፉ ታዘዙ። መሣሪያና አውሮፕላን የነበረው መንግሥት አንዲት ማሲንቆ ፈራ። ከወራሪው በፊትም በራሳችን ቤት ተመሳሳይ ነገር ሆኖአል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚለውን የመጀመሪያ የአማርኛ ቴአትር በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። በአውሬ ተረት የአስተዳደሩን ጉድለት ስላመለከተ ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት፤ ቴአትር የሚባል ነገርም ለዓመታት ተቋረጠ። ደራሲው ግን በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው። ለቀልድ የማይበቁ ተብለው የተከለከሉት ሰው ለሕግ በቁ።

አሁን ወደ ኩባንያዎች ልምጣ። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አሳተመ። መጽሐፉ ባለሥልጣኖችን ስላስቆጣ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የመንግሥት ድርጅት የመንግሥትን ቁጣ ይቋቋም ነበር ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ መጽሐፉ ከመደርደሪያ ሲወርድ ደራሲው ብቻውን ይቀራል። የተሰበሰበው ወረቀት የድርጅቱ ነው፤ የጠፋው ነፍስ ግን የደራሲው ነው። ዛሬ «ኦሮማይ» እንደገና ታትሞ ይነበባል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ቋንቋም ወጥቷል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 ንጉሡ ኢዮአቄም መጽሐፉን እየቀደደ በእሳት እንደ ጣለው፣ ባሮክም እንደገና እንደ ጻፈውና ሌላ ብዙ ቃል እንደ ተጨመረበት እናነባለን። እሳቱ ጠፋ፤ ቃሉ ቀረ።

ከእኛ ዘመን ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2006 ዓ.ም. በሆላንዱ ሄኒከን የተያዘው በደሌ ቢራ የቴዎድሮስ ካሣሁንን፣ ማለት የቴዲ አፍሮን፣ «የፍቅር ጉዞ» የተባለ የሙዚቃ ዝግጅት ሊደግፍ ተዋውሎ ነበር። ዘፋኙ ስለ አፄ ምኒልክ ዘመቻዎች ለአንድ መጽሔት ተናገረው የተባለ ቃል ብዙ ኦሮሞዎችን አስቆጣ። እርሱ አላልሁም ብሎ አስተባበለ። ተቃዋሚዎቹም በተለይ ከውጭ አገር ሆነው ቢራውን አትጠጡ የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ ኩባንያው በዚያው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ድጋፉን አቋረጠ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንድታደምጡኝ እለምናለሁ። ቢራ አንጠጣም ማለት የማንም ሰው መብት ነው፤ በሩን ዘግቶ እንደሚተኛው ባለቤት ያለ ነው። የተቃዋሚዎቹም ቅሬታ ከእውነተኛ የታሪክ ቁስል የመጣ ነበርና ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ውል ማፍረስ ለቁስል መድኃኒት አይሆንም። ከፍርሃት የተነሣ የሚሸሽ ነጋዴ ሁለቱንም ወገን ያስከፋል፤ ዘፋኙን ያለ ፍርድ ይቀጣዋል፣ ቅር የተሰኘውንም ያለ ውይይት ያሰናብተዋል። ዘፈኑስ ቀረ ወይ? አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ ወጣ፤ በነሐሴ ወር በሒልተን ሆቴል ሊደረግ የነበረው የምረቃ በዓል በመንግሥት ቢከለከልም ሕዝቡ አስቀድሞ በየቤቱ ሰምቶት ነበር።

የውጭውን ዓለም ብንመለከት እውነተኛ የጥይት ዛቻ የደረሰባቸው ኩባንያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶኒ የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ በሰሜን ኮርያ መሪ ላይ የሚቀልድ ፊልም ሠራ። ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን ምስጢር ዘረፉ፤ ፊልሙ በሚታይበት ሲኒማ ቤትም የመስከረም 11ን ጥፋት የሚያስታውስ አደጋ እንደሚደርስ ዛቱ። አሜሪካ ድርጊቱን የፈጸመችው ሰሜን ኮርያ ናት ስትል ሰሜን ኮርያ ካደች። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን አናሳይም አሉ፤ ሶኒም ሰረዘው። ፕሬዚደንት ኦባማ ኩባንያው መሳሳቱን በይፋ ተናገሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡ ተለወጠና ፊልሙ በኢንተርኔትና ከ300 በሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ታየ። የዛቱትም በሲኒማ ቤቶቹ ላይ ያደረሱት አደጋ አልነበረም። ፊልሙ ቧልት ነበር፤ ትልልቆቹ የሸሹለትን ቧልት ትንንሾቹ ተሸከሙት።

ይሁን እንጂ ዛቻ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብዬ አላታልላችሁም። የሳልማን ሩሽዲን መጽሐፍ ወደ ጃፓንኛ የተረጎሙት ሂቶሺ ኢጋራሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገደሉ። ኖርዌያዊው አሳታሚ ዊልያም ኒጎርድ በ1993 በጥይት ተመትተው ለጥቂት ተረፉ፤ መጽሐፉን ማተም ግን አልተዉም። ደራሲው ራሱ በ2022 በመድረክ ላይ በስለት ተወግቶ አንድ ዓይኑን አጣ።

ስለዚህ «ፈሪ ለእናቱ» የሚለው ተረት የሚናቅ ምክር አይደለም። የሲኒማ ቤቱ በረኛ፣ ትኬት ቆራጯና ተመልካቹ ሕፃን በሥራ አስኪያጁ ድፍረት መሞት የለባቸውም። አደጋው ቅርብና እውነተኛ ሲሆን አንድ ምሽት ማስተላለፍ፣ ቦታ መለወጥ፣ ፖሊስ መጥራት ማስተዋል እንጂ ሽንፈት አይባልም። ሽንፈት የሚባለው የተላለፈው ምሽት ፈጽሞ ሳይመለስ ሲቀር ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ዛሬ በዛቻ አንድ ዘፈን ያስቆመ ሰው ነገ አንድ መጽሐፍ፣ ከነገ ወዲያም አንድ መምህር ለማስቆም ይመጣል።

ምናልባት አንዳንድ ወላጆች «የተነካው የሌላው ክብር ስለሆነ ነው እንዲህ የምትናገረው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያውስ በራሳችን ላይ እንፈትነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ብዙ አጽሞች አርፈዋል። አንድ ኩባንያ መጥቶ በእነዚያ አጽሞች የሚያላግጥ ፊልም ቢሠራ እኔ አዝናለሁ፤ እናንተም ታዝናላችሁ። ምን እናድርግ? ፊልሙን አንመልከት። ለኩባንያው ስማችንን ጽፈን አቤቱታ እንላክ። ሕግ ተጥሶ እንደሆነ ፍርድ ቤት እንክሰስ። ከዚህም የሚበልጠው፣ ይምርሐነ ክርስቶስ በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ያሳነጸውን ያን ድንቅ ሥራ የሚያሳይ የራሳችንን ፊልም እንሥራ። ድንጋይ ይዘን ሲኒማ ቤቱን ብንከብብ ግን ያላገጠብንን ሰው ትክክለኛ እናደርገዋለን፤ ቅዱስ የምንለውም ነገር የዱላ ጥገኛ መስሎ ይታያል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያውጃል፤ የወጣቶችንና የሰውን ክብር ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። ስለዚህ ዳኛ አለን ማለት ነው። የተሰማውን ቅሬታ የሚመዝን ዳኛ ካለ፣ የዛተው ሰው ራሱን ከሳሽም ዳኛም ወታደርም ሊያደርግ አይችልም።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ የቴአትር አዘጋጅ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የፊልም ኩባንያ ባለቤት የሚሆኑ አሉ። ለእነርሱ ሦስት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ሥራውን ከማውጣታችሁ በፊት «እውነት ነውን? አስፈላጊ ነውን? በጥንቃቄ ተሠርቷልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከወጣ በኋላ ከመንቀጥቀጥ ከመውጣቱ በፊት ማሰብ ይሻላልና። ሁለተኛ፣ ስሙን ጠርቶ ቅር ብሎኛል የሚላችሁን ሰው ወንበር አቅርባችሁ ስሙት፤ ስሕተት ካገኘባችሁ አርሙ። ሦስተኛ፣ እገድላለሁ፣ አቃጥላለሁ ለሚላችሁ ግን ሥራችሁን አትስጡት። ሕዝቡን ጠብቁ፣ ነገሩን ለሕግ አስረክቡ፣ ደራሲውንና ተዋናዩን ብቻውን አትተዉት።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል ልበል። ልጆቻችሁ የማይጥማችሁን ነገር ሲጽፉና ሲያዜሙ ተቆጡን፣ ምከሩን፣ ተከራከሩን። የምንፈልገው እንደ ጥንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። እረኛው ዝም ያለ ቀን መንደሩ ሰላም የሆነ ይመስላል፤ ጅቡ ከብቶቹ መካከል መግባቱን የሚነግረን ግን አናገኝም።