ልጃገረዶችና የትምህርት ቤት መጸዳጃ



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን በአደባባይ ለማንሣት የምናፍረው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የወር አበባ ደግሞ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ በሽታ ስላልሆነ፥ መደበቁ ጨርሶ ምክንያት የለውም።

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየወሩ 3 ቀን ብትቀር፥ በ10 የትምህርት ወራት 30 ቀን ታጣለች፤ ይኸውም የ6 ሳምንት ትምህርት ነው። ፈተናው ግን እርስዋን አይጠብቅም። ብዙ ጊዜ ከቤት የሚያስቀራት የመጸዳጃው መዝጊያ አለመቈለፉና ውሃው ከግቢው ማዶ መሆኑ ነው።

በመቀሌ የሚታጠብ የንጽሕና መጠበቂያ የሚሠራ ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። ዳሩ ግን የሚታጠበው ጨርቅ ውሃ፥ ሳሙናና ፀሐይ ይሻል፤ የሚጣለውም ክዳን ያለው ባልዲና ማቃጠያ ያስፈልገዋል። የመለወጫ ሥፍራ ሳያዘጋጁ ጨርቁን ብቻ ማደል፥ ዱቄት ሰጥቶ ምጣድ እንደ መንሣት ነው።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ፥ የትምህርት ቤት ፕላን ወይም በጀት በጠረጴዛችን ላይ ሲያልፍ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ለልጃገረዶች ከውስጥ የሚቈለፍ፥ ውሃ የገባለት ክፍል አለውን? ከሌለው፥ ሳንፈርም እናስገባው። የአንድ መዝጊያና የአንድ ቧንቧ ወጪ፥ ትምህርትዋን ካቋረጠች ልጅ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ቀላል ነው።