የሰፈር ንጽሕና የጎረቤት ሐቅ ነው



ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ውዱእ አድርገን ስንወጣ ደጃችን ላይ የሚቀበለን የፍሳሽ ቦይ ከሆነ ንጽሕናችን ከበራችን አላለፈም። ከግቢያችን ያስወጣነው ቆሻሻ ጎረቤት ደጅ ከወረደ ደግሞ የጎረቤትን ሐቅ ነክተናል። ለዚህ ትምህርት የሚሆነን በፓኪስታን፣ በካራቺ ከተማ የሚገኘው የኦራንጊ ሰፈር ነው።

ኦራንጊ አቅመ ደካማ ቤተሰቦች ያለ ፕላን የሠሩት እጅግ ሰፊ ሰፈር ነው። ፍሳሹ በየመተላለፊያው በግላጭ ይወርድ፣ ሕፃናትም ይታመሙ ነበር። ነዋሪው ግን መንግሥት በነፃ ይሠራልናል ብሎ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 አኽታር ሐሚድ ኻን የተባሉ የልማት ባለሙያ በዚያ ሥራ ጀመሩ። ገንዘብ አላደሉም፤ የሰጡት ካርታ፣ የዋጋ ግምት፣ መሣሪያና የሙያ ምክር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያሉ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ቤቶች የሚያምኑትን ሰው ይመርጣሉ። እርሱ መዋጮውን ይሰበስባል፣ ሥራውንም ያስተባብራል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን መጸዳጃ ይሠራል፤ ከመተላለፊያው ሥር የሚቀበረውን ቱቦ ሁሉም በጋራ ይዘረጋሉ። ኮንትራክተር ስላልገባበት ወጪው መንግሥት ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ሆነ። በዓመታት ውስጥም ከ90 ሺህ በላይ ቤቶች ተጠቃሚ ሆኑ።

ነገር ግን ሁሉን ነገር ሕዝቡ ይሸከም አልተባለም። ዋናው የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያው የመንግሥት ድርሻ ነበር። ይህ ድርሻ በመጓተቱ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ስለዚህ አንዱ ወገን የሌላውን ድርሻ አይተካም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ በተጨናነቁ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰቦች አንድ መጸዳጃ በጋራ ይጠቀማሉ። ጉድጓዱ ሲሞላ «ማን ያስመጥጥ?» የሚለው ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚታመመው ሕፃኑ ነው። እኛ ግን በእድር አዋጥተን ሰው በክብር የምንቀብር ሕዝብ ነን። ይኸው መተማመን በሕይወት ላለውም ይዋል።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱ መንደር አንድ የታመነ ሰው ይምረጥ። ቤቱን ይቁጠር፣ ቦዩን ይለካ፣ መዋጮውን በመዝገብ ያኑር። ከእኛ አቅም በላይ የሆነውንም ለይተን፣ መዝገቡን ይዘን ወረዳውን እንጠይቅ። የራሱን ድርሻ የተወጣ ሰው ሲጠይቅ አንገቱን አይደፋም።

አላህ ይርዳን።