የወታደሩ ምላጭ

ዛሬ ጠዋት በጥድፊያ ተላጭታችሁ ለወጣችሁ ወንዶች አንድ ወሬ አለኝ። አሮጌ የወታደር ምላጭ እያደኑ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ሰብስበውም አያስቀምጡትም፣ ይላጩበታል። ከሚፈለጉት አንዱ በእንግሊዟ የብረት ከተማ በሼፊልድ ተሠርቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር የታደለው፣ ወደ እጀታው የሚታጠፈው ምላጭ ነው። ጌጥ የለውም። ጥቁር እጀታ፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚናገር የፍላጻ ጫፍ ምልክት፣ አንዳንዴም የወታደሩ መለያ ቁጥር። እኔን የሚይዘኝ ቁጥሩ ነው፤ ባለቤቱ አገሩ ይግባ አይግባ ምላጩ አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝ ጦር ደንብ እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ድረስ አገጭን ተላጩ፣ የላይኛውን ከንፈር ግን አትንኩ ይል ነበር።

በዚህ ምላጭ መላጨት ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ምላጩ የቆዳ ጠፍር ላይ ይወለወላል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስለቱ ከቀደመ ጠፍሩ ይቆረጣል፣ ምላጩም ይዶለዱማል። ከዚያ አረፋ የጠገበውን ጉንጭ በሌላው እጅ ወጠር አድርጎ፣ ምላጩን 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ፣ ሳይጫኑ መሳብ ነው። ሲያበቃ ምላጩን በደንብ ማድረቅ ነው፤ የዚያ ዘመን ብረት ለዝገት ቅርብ ነው።

መግዛት ያማራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ስለቱን ብርሃን ላይ እዩት። ዝገት ስለቱን የበላው ምላጭ ለመደርደሪያ እንጂ ለጉንጭ አይሆንም፤ ሻጩ ምንም ቢምል አትላጩበት።